«ፊቷ በርቶ ነበር?»

ጡረታ ወጣሁ ስል ሰው ይስቃል። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ግን ስድስት ዓመት ሙሉ መካነ ሰላም ውስጥ የሴት ጀናዛ፣ የሞተች ሴት ገላ፣ ሳጥብ ኖሬ፣ በቅርቡ ጆጉን፣ የካፉሩን ጣሳና መቀሱን አስረክቤ ኩታበር ገብቻለሁ። ባሌ ከኩታበር ደሴ ሚኒባስ ይነዳል፤ እኔ የስፌት መኪና ተክዬ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። የለመዱትን ሥራ መተው ጡረታ ካልተባለ ሌላ ምን ይባላል?

ደንበኞቼ ልክ ሳወጣላቸው «በፊት ምን ትሠሪ ነበር?» ይሉኛል። ስነግራቸው ግማሾቹ ሜትሬን ከአንገታቸው ላይ ያነሡታል። እኔ ደግሞ ነገር አላለባብስም፤ «ምን ያስደነግጥሻል? ስትወለጂ ሴት ተቀበለችሽ፣ ስትሄጂም ሴት ትሸኝሻለች» እላቸዋለሁ። አንዷ ቀሚሷን ሳታሰፋ ሄዳለች። መንገዷን ጨርቅ ያድርግላት።

ይህን የምጽፈው ስለ አንድ ጥፋቴ ነው። ስለ አስተማሪዬም ነው። የሰዎቹን ስም ቀይሬያለሁ። የሟቿን እናት ግን አስፈቅጃለሁ፤ «ጻፊው፤ ሌላ እናት እንደኔ እንዳትሆን» ብለውኛል። እትዬ ከድጃ በሕይወት ቢኖሩና ቢያነቡት ግን በጆጉ ይሉኝ ነበር።

እትዬ ከድጃ አስተማሪዬ ናቸው። ሰፈራችን ውስጥ ሴት ስትሞት ከሼኹ ቀድመው የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። እኔ ያኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ወድቄ፣ ዐረብ አገር ለመሄድ ፓስፖርት አውጥቼ ቀን እቆጥራለሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ እናቴ ዘንድ መጥተው ቁጭ አሉና፦

«ይህች ቁንጥንጥ ልጅሽ ክንድ አላት። ረዳቴ ወገቧን ታማለች። እስክትሄድ አውሺኝ» አሉ።

«ትፈራለች» አለች እናቴ።

«አልፈራም!» አልኩ ከጓዳ። ወላሂ ፈርቼ ነበር።

«ብትፈራ ደግ ነው» አሉ እትዬ ከድጃ። «የማይፈራ ሰው እጁ ይከብዳል።»

ፓስፖርቱ ሳጥን ውስጥ ጊዜው አለፈበት።

ደሞዝ የለውም። አጅሩ ከአላህ ነው፤ ከሰው ደግሞ የተረፈ ሳሙና። ወረቀት ከተባለ አንዴ ቀበሌ «ያጠበችው ማን ናት?» ብለውኝ ፈርሜያለሁ። የሥራው ነገር ይኸው ነው፤ የእጁ ጥበብ ግን ሌላ ነው።

እትዬ ከድጃ ክፍሉ ሲገቡ መጀመሪያ የራሳቸውን ጥፍር ያያሉ። ቀለበታቸውን አውልቀው በመቀነታቸው ጫፍ ይቋጥራሉ። በር ላይ ሰፌድ አስቀምጠው የሁላችንንም ስልክ ይለቅማሉ፤ «እዚህ የሚገባ ዓይን የሰው ዓይን ብቻ ነው» ይላሉ። ውሃውን በክንዳቸው ውስጠኛው በኩል ይፈትኑታል፣ ለአራስ ልጅ እንደሚደረገው። የቁርቁራ ቅጠል ተወቅጦ አረፋ እስኪያወጣ ይመታል። ከእምብርት እስከ ጉልበት ጨርቁ አይነሣም፤ እጅ ጨርቅ ተጠቅልሎበት ከሥር ይገባል፣ ዓይን ወደ ግድግዳ ይዞራል። ቀኝ ይቀድማል። ሦስት ጊዜ ይታጠባል፤ ካልጠራ አምስት፣ ካልጠራ ሰባት። በመጨረሻው ውሃ ላይ ካፉር፣ ያ መዓዛ ያለው ነጭ ዱቄት፣ ይነሰነሳል። ጸጉሯ ተፈትቶ ይታጠብና ሦስት ጉንጉን ሆኖ ወደ ኋላ ይተኛል። ከዚያ አምስቱ የአቡጀዲ ከፈን ነው፦ ሽርጡ፣ ቀሚሱ፣ የራስ መሸፈኛው፣ ሁለቱ መጠቅለያ። አቡጀዲውን በመቀስ ጫፉን ብቻ ነካ ያደርጉና ቀሪውን በእጃቸው ይቀዱታል። እስከ ዛሬ ጨርቅ ሲቀደድ ስሰማ የስፌት መኪናዬን አቆማለሁ።

የደረቀ ክንድ አይገፋም። ክርኑ ላይ ለብ ያለ ውሃ እያንጠባጠቡ፣ በመዳፍ እያሹ፣ ያናግሩታል። «እታለም፣ ክንድሽን ላጥፈው ነው። አብሽሪ።» ክንዱ እሺ ይላል።

«ትሰማለች እንዴ?» አልኳቸው በመጀመሪያው ሳምንት።

«እኔ እሰማለሁ። ስናገር እጄ ይረጋል። አንቺም ብትናገሪ ያ ውሃሽ ጎርፍ አይሆንም ነበር።»

የእኔ ሥራ ማፍሰስ ነበር። ማፍሰስ ቀላል ይመስላል። ውሃው እንደ ክር ቀጥኖ፣ ሳይቋረጥ፣ ሳይረጭ መውረድ አለበት። እኔ ደግሞ ለምንም ነገር እቸኩላለሁ። ያስተማረኝ ማን መሰላችሁ? የከላላ ገበሬ።

ከላላ አጠገብ አንዲት አሮጊት ሞተው የመንደሩ አጣቢ ታማ እኛ ተጠራን። በጭነት መኪና ሄደን፣ የቀረውን በበቅሎ። ስንደርስ ባልየው ሽማግሌ ደጅ ቆመው «ውሃውን እኔ ላፍስስላት» ይላሉ። ጎረምሶቹ ይሟገቷቸዋል፦ «አባባ፣ ሞት ኒካሑን ፈታው። አሁን ባዳ ነዎት።» ሽማግሌው ጆጉን አቅፈው ቆመዋል። እትዬ ከድጃ ከበቅሎ ሳይወርዱ «ከሼኻችሁ ጠይቃችሁ ነው ወይስ ከሆዳችሁ?» አሉ። ሰው ተላከ። የመንደሩ ሼኽ «በእኛ መዝሐብ፣ በምንከተለው የሸሪዓ መንገድ፣ ይችላል፤ ከማንም ይልቅ ሐቅ አለው» ብለው መለሱ። ሽማግሌው ገቡ። ውሃው ከእጃቸው እንደ ክር ወረደ፤ አንዴ አልተቋረጠም። በመሐል «አይቀዘቅዛትም?» አሉ ብቻ። እትዬ ከድጃ «እጅዎን ያስገቡና ይዩት» አሏቸው። ነክተው «ደግ ነው» አሉና ቀጠሉ። እኔ ጥግ ላይ አፌን ከፍቼ የሰውዬውን እጅ አየሁ።

ያ ክፍል የሴቶች አገር ነው። መስጊድ ውስጥ ወንዶቹ ከፊት ናቸው፤ መቃብሩን ቆፍረው፣ ተሸክመው የሚወስዱት እነሱ ናቸው፤ እኛ እዚያ አንሄድም። ግን እኛ «ጨርሰናል» ሳንል አንድም ሰው ቃሬዛውን አያነሣም። ሼኹ ከደጅ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ከድጃ፣ የዙሁር ሶላት ደረሰ!» ይላሉ። «ዙሁር እስከ አሱር ጊዜ አለው ሼኽዬ፤ ይህች ሴት የምትታጠበው አንዴ ነው» ይመለስላቸዋል። ሼኹም ይስቁና ይጠብቃሉ።

ምስጢርም አለው። ያየሽውን ገላ እዚያው ትተሽ ትወጫለሽ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ወጣት ሚስት ስናጥብ አንገቷ ላይ ምልክት ታየ። እትዬ ከድጃ ሸፈኗት፣ በሩ ላይ ተቀመጡና «ሕግ ሳይመጣ ከዚህ አልነሣም» አሉ። መጣም። ያን ቀን «ገበና ይቀበራል፤ ግፍ አይቀበርም» ያሉኝን ልቤ ላይ ጽፌዋለሁ።

አንዱ ሕጋቸው ግን አልገባኝም ነበር። ደጉንም አይናገሩም። የአንዳንዷ ሟች ፊት ከውሃው በኋላ እፎይ ያለ ይመስላል፤ አገራችን «በራላት» ይላል። ቤተሰብ ይህን መስማት ይወዳል። ማውራቱም አይከለከልም፣ እንዲያውም ሼኾቹ ይፈቅዱታል። እትዬ ከድጃ ግን በሩን ከፍተው ለሁሉም የሚሉት አንድ ነገር ነበር፦ «አጥበናል፣ አልብሰናል፣ ለጌታዋ አስተካክለናል። ንጹሕ ናት።» ለባለጸጋም፣ ለለማኝም፣ ስሟ ለጠፋም ሴት ቃሏ ያችው ናት። እኔ ይህ ድርቅና መሰለኝ። ሰው ልቡ ተሰብሮ አንድ ደግ ቃል ቢሰጠው ምን ይጎዳል?

ስለዚህ መስጠት ጀመርኩ። እሳቸው ዞር ሲሉ ለአንዷ እናት በጆሮዋ «ፊቷ በርቶ ነበር» አልኳት። እናትየዋ እጄን ሳመችኝ። ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ! ለሁለተኛዋም አልኩ፣ ለሦስተኛዋም። ሁሉም እውነት ነበር። ወሬው ግን ከቤት ወደ ገበያ ወጣ፤ «የእገሌ ምራት በራላት አሉ፣ ሐያት ናት የነገረቻቸው።» ሐያት እኔ ነኝ።

ከዚያ ሰዓዳ ሞተች።

ሰዓዳ የእትዬ ፋጤ አንድ ልጅ ናት፤ ከእኛ ቤት ሁለት በር አልፎ። ዐረብ አገር ሄዳ፣ የእናቷን ቤት ቆርቆሮ አልብሳ፣ በመጨረሻ ኩላሊቷን ታማ ተመለሰች። አንድ ማለዳ እናቷ እቅፍ ውስጥ አረፈች። እትዬ ፋጤ ልጃቸውን አልሰጥም አሉ። ሴቶች ለመኑ፣ አለቀሱ፤ ከማለዳ እስከ ረፋድ ማንንም አላስጠጉም። እኛ ስንደርስ ገላዋ ደርቋል። አፏ እንደተከፈተ፣ ዓይኗ በግማሽ እንደተገለጠ። እትዬ ከድጃ በለብታ ውሃ ብዙ ለፉ፣ ብዙ አናገሯት፤ አገጯ ግን እሺ አላለም። በራስ መሸፈኛው አሳምረው ሸፈኗትና በሩን ከፍተው ያችኑ ቃላቸውን ተናገሩ። ንጹሕ ናት።

በሦስተኛው ቀን ሐዘን ልቀመጥ ገባሁ። እትዬ ፋጤ ክንዴን ይዘው ጓዳ አስገቡኝ።

«ሐያትዬ፣ እኔ ሳቅፋት አፏ ተከፍቶ ነበር። ካጠባችኋት በኋላስ? ፊቷ በርቶ ነበር?»

እናቶች ሁሉ የሚጠይቁኝ ጥያቄ ነው፤ እኔው ያስተማርኳቸው ጥያቄ። እውነቱን ብናገር «እርስዎ አልለቅም ብለው ነው» ማለት ነው። መዋሸት ደግሞ አልችልበትም፤ ፊቴ ይናገርብኛል። ዝም አልኩ። ብዙ አይደለም፣ አንድ ትንፋሽ ያህል። ከዚያ «አዎ፣ በርቶ ነበር» አልኩ።

እትዬ ፋጤ ክንዴን ለቀቁት። «ለሌሎቹ ስትናገሪ እንዲህ አልቆየሽም» አሉኝ።

በሳምንቱ እየጾሙ መሆናቸውን ሰማሁ። ሰዓዳ በስልክ «ሥራው ረመዳንን በወጉ አላስጾመኝም» ብላቸው ነበር። እሳቸው ያችን ነገር ከኔ ዝምታ ጋር ገጣጠሙና ልጃቸው ከነዕዳዋ ሄደች ብለው አመኑ። ያመለጣትን ልክፈልላት ብለው ጀመሩ። ወልይ፣ የሟች የቅርብ ዘመድ፣ ቢጾምላት አይነወርም። እሳቸው ግን ማቆሚያውን አያውቁትም። አንድ ወር ሞላ፣ አለፈ። ጉንጫቸው ጎደጎደ። ሲቆሙ ግድግዳ ይይዛሉ። ጎረቤት ሾርባ ቢያመጣ «ልጄ እዚያ ምን ላይ እንዳለች ሳላውቅ?» ይላሉ። ሰውም ማንሾካሾክ ያዘ፦ ሐያት ለሌሎቹ ተናግራ ለሰዓዳ ምነው ዝም አለች? ዐረብ አገር ምን ስትሠራ ነበር?

ያኔ ለእትዬ ከድጃ ሄጄ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ቁርቁራ ይወቅጡ ነበር። ዘነዘናውን አስቀመጡ። ይጮሁብኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር።

«ለአንዷ መብራት ስታድይ ሌላዋን ጨለማ ውስጥ እየተውሽ ነበር» አሉኝ ቀስ ብለው። «እኔ ለሁሉም አንድ ቃል የምለው ቃል አጥቼ መሰለሽ?»

ሦስት ጊዜ አብረን ሄድን። ሦስቱንም እትዬ ፋጤ በሩን ከፈቱ፣ «አብሽሩ፣ ደህና ነኝ» አሉ፣ ምንም አልሰሙንም። እትዬ ከድጃ አፍ ተከፍቶ የሚደርቀው በሰዓቱ አገጭ ካልታሰረ ነው ብለው ነገሯቸው። «ልታጽናኑኝ ነው» አሉ እትዬ ፋጤ። በቃ።

ከዚያ እትዬ መዲና ሞቱ። የሰፈሩን ሴት ልጅ ሁሉ ቁርአን ያስቀሩ፣ ማንበብ ያስተማሩ፣ መምህር ናቸው። እኔን አስቀርተውኛል፣ እትዬ ፋጤን አስቀርተዋል፣ ሰዓዳንም። ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት። ጠዋት ለትምህርት የመጡ ልጃገረዶች አገኟቸው። እትዬ ከድጃ ገብተው አዩና ወዲያው ወጡ።

«ፋጤን ጥሪልኝ። እጅ አጥሮኛል በያት።»

«እኔና አንቱ አንበቃም?»

«ጥሪ አልኩሽ!»

ለጀናዛ የተጠራ ሰው አልመጣም አይልም። እትዬ ፋጤ እየተደገፉ መጡ፣ ጾማቸውን እንደያዙ። ስልካቸውን ሰፌዱ ላይ ጣሉ። እትዬ ከድጃ ጨርቅ እጃቸው ላይ ጠቀለሉላቸውና «አንቺ ራሳቸውን ያዢ» አሏቸው።

የፊቱ ጨርቅ ሲገለጥ እትዬ ፋጤ ባሉበት ደረቁ።

ይህን ብጽፍ እትዬ መዲና የሚከፉብኝ አይመስለኝም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያስተምሩ ኖሩ፤ ያን ቀንም አስተማሩ።

«የሳቸውም?» አሉ እትዬ ፋጤ።

«ምናቸው?»

«አፋቸው። እንደ ሰዓዳ።»

«ሰው አጠገባቸው አልነበረም» አሉ እትዬ ከድጃ፣ ውሃውን በክንዳቸው እየሞከሩ። «እርጥብ ጠፍር እንዳስቀመጥሽው አይደል የሚደርቀው?»

«የቁርአን መምህሯ! እትዬ መዲና!»

«ቁርአን አገጭ አያስርም ፋጤ። አገጭ የሚያስር ሰው ነው።»

ማፍሰሴን አቁሜ ነበር። እትዬ ፋጤ የመምህራቸውን ጉንጭ በጨርቁ ነኩት፤ አገጩን ወደ ላይ ሊገፉት ሞከሩ፣ አልሄደላቸውም። እጃቸውን ከአገጩ ሳያነሡ እንዲህ አሉ፦

«እንግዲህ እኔ ነኛ። አልሰጥም ብዬ። እጃችሁን አላስጠጋም ብዬ።»

አይደለም ይሏቸዋል ብዬ ነበር። እትዬ ከድጃ ግን አልዋሹም።

«አዎ። በእቅፍሽ ደረቀች» አሉ። «ስንቷ ናት በሰው አገር የሚነካት አጥታ የምትደርቀው? ያንቺ በእናቷ እቅፍ ነው። ይህን ነው ፊቷ ላይ ያየሽው እንጂ ሌላ ነገር አይደለም።»

እትዬ ፋጤ አለቀሱ። እንባቸው ሟቿ ላይ እንዳይወርድ ፊታቸውን አዞሩ፤ ማንም ሳይነግራቸው። እኔም ጆጉን እንደያዝኩ፦

«እትዬ ፋጤ፣ አውፍ ይበሉኝ» አልኩ።

«ለምን ዝም አልሽኝ?»

«ብናገር የምጎዳዎት መስሎኝ።»

«ከዚያ በፊትስ ለሌሎቹ ለምን ተናገርሽ?»

እንደገና ማፍሰስ ጀመርኩ፤ ውሃው ጎርፎ ወረደ። ሰው እጄን ሲስመኝ ደስ ስላለኝ ነው፤ ሌላ ምክንያት ብፈልግለት ውሸት ይሆናል።

«አውፍ ብያለሁ» አሉ እትዬ ፋጤ፣ አፍንጫቸውን በትከሻቸው እየጠረጉ። «አሁን ያን ውሃ ቀጠን አድርገሽ አፍስሺ። መምህሬን አሰጠምሻቸው።»

እትዬ ከድጃ ሳቁ። እዚያ ክፍል ውስጥ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እትዬ ፋጤ ያን ዕለት ፀሐይ ስትጠልቅ አፈጠሩ፤ ከዚያ ወዲያ ያን ጾም አልያዙም። በማግስቱ ጠዋት የገንፎ ሳሕን ይዤ ሄድኩ፤ አጠገባቸው ተቀምጬ እስኪጨርሱ አየሁ። ከዚያ በኋላ ጀናዛ በተጠራ ቁጥር ከኛ ቀድመው ይደርሳሉ። አንዲት ሴት ዓይኗን ስትጨፍን ሻሹን ይዘው ገብተው አገጯን የሚያስሩት እሳቸው ሆኑ። ቤተሰብ አልለቅም ሲል ደግሞ አይታገሉም፤ አጠገባቸው ቁጭ ይሉና «እቀፊያት። እኔ አገጯን ብቻ ልያዝልሽ» ይላሉ። ይህን ከማንም አልተማሩትም።

እትዬ ከድጃ በዚህ በጋ አረፉ። አጠብናቸው፣ እኔና እትዬ ፋጤ። ቀለበታቸውን ከጣታቸው አውልቄ በመቀነቴ ጫፍ ቋጠርኩት። ውሃውን በክንዴ ፈተንኩ። «እትዬ፣ በቀኝዎ ላዞርዎት ነው። አብሽሩ» አልኩ፤ እጄ ረጋ። ውሃው እንደ ክር ወረደ፣ አንዴ አልተቋረጠም። እሳቸው ቢያዩት ማመስገን አይችሉበትም፤ «ዛሬ ምን ነካሽ?» ነበር የሚሉኝ።

በሩን ስከፍት ልጃቸው ቆማለች። ከደሴ ነው የመጣችው፣ አልደረሰችባቸውም። ክንዴን ያዘችኝ።

«ሐያት፣ የኡሚ ፊት እንዴት ነበር?»

እዩኝ እንግዲህ። ምላሴ እንዴት እንደሚበላኝ የሚያውቀኝ ያውቃል። ከኋላዬ እትዬ ፋጤ ሰፌዱን ይዘው ቆመዋል። ልጅቱ ዓይኔን ታያለች። አንድ ትንፋሽ ያህል እንኳ አልቆየሁም።

«አጥበናል፣ አልብሰናል፣ ለጌታቸው አስተካክለናል» አልኳት። «ንጹሕ ናቸው።»

ቀለበቱን ፈትቼ መዳፏ ላይ አስቀመጥኩላት። ከደጅ ሼኹ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።